የአንደኛ ደረጃ መምህራንን የሥነ ልቦና ጥንካሬና የሥራ ጫና በተመለከተ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያውና ምናልባትም ከሁሉ የከፋው ስህተት፣ በሥራ ብዛት የዛለን መምህር ጽናት እንደጎደለው ሰው መቁጠር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ፣ ይህን መዛል ሥር ከሰደደና በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ክስተት ይለዋል እንጂ ከበሽታ አይመድበውም። በአገራችን አንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል ከ50 ተማሪ በላይ እንዳይዝ መመዘኛው ቢያዝም፣ ከዚያ በላይ በታጨቀ ክፍል የሚያስተምርና ደብተር ማረሙን፣ የተከታታይ ምዘና ውጤት መመዝገቡንና ሮስተር መሥራቱን ማታ ቤቱ የሚጨርስ መምህር «መምህርነት መሥዋዕትነት ነው» ቢባል ሸክሙ አይቀልለትም።

ጥንካሬን ከተፈጥሮ የሚገኝ ስጦታ አድርጎ ማሰብም ስህተት ነው። የሥራ አመራር ምሁሩ ፍሬድ ሉታንስና ባልደረቦቹ የሥነ ልቦና ካፒታል በሚል ስም ያጠቃለሏቸው ተስፋ፣ በችሎታ መተማመን፣ ከመሰናክል የማገገም አቅምና በጎ ነገርን መጠበቅ ሊዳብሩ የሚችሉ ናቸው። በችሎታ መተማመን ከሁሉ በላይ የሚገነባው፣ የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራ እንዳስረዳው፣ ሰው ራሱ ሠርቶ ሲሳካለት ነው። ስለዚህ አዲስ ተመራቂን ያለ አጋዥ ፊደል ያልቆጠሩ ሕፃናት የሞሉበት አንደኛ ክፍል ውስጥ ማስገባት፣ ይህን እምነት ገና ሳይበቅል መንቀል ነው። ልምድ ያላትን መምህርት ክፍል ገብቶ እንዲመለከት ቢደረግና «ሁሉም አንባቢ ይሁኑ» ከሚለው ሰፊ ግብ ይልቅ፣ ወደ ኋላ የቀሩ ጥቂት ልጆችን ቃላት በማስነበብ ቢጀምር፣ የሚጨበጥ ውጤት ያያል።

ሦስተኛው ስህተት ዝምታን እንደ ደኅንነት ማየት ነው። የሥነ ልቦና ምሁሯ ክርስቲና ማስላክ መዛልን በሦስት ገጽታዎች ገልጻዋለች፤ እነርሱም የስሜት መሟጠጥ፣ ከሚያገለግሉት ሰው በስሜት መራቅና የራስን ሥራ ፍሬ ቢስ አድርጎ ማየት ናቸው። ሁለተኛው በቀላሉ አይታይም፤ መምህሩ በሰዓቱ ይገባል፣ የትምህርት ዕቅዱንም ያስፈርማል፣ ነገር ግን ልጆቹን በስማቸው መጥራት ትቷል። የዕቅድ ፋይል ብቻ አገላብጦ የሚመለስ ሱፐርቫይዘር ይህን ከየት ያገኘዋል?

የአንድ ቀን የማነቃቂያ ሥልጠና ሰጥቶ ጉዳዩን መዝጋትም እንዲሁ ነው። ርዕሰ መምህሩ መምህራን በሁለት ቅጽ የሚሞሉትን አንድ ዓይነት ሪፖርት በአንድ ቢያጠቃልል፣ የእረፍት ሰዓትንም ከስብሰባ ነፃ ቢያደርግ፣ ለመምህራኑ ከሥልጠናው ይልቅ ይጠቅማቸዋል።