ከምህንድስና ዲግሪ ወደ ሒሳብ ድህረ ምረቃ ለመሻገር

የምህንድስና ምሩቅ ካልኩለስን፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንንና የማትሪክስ ስሌትን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ወደ ሒሳብ ድህረ ምረቃ መሻገር ቀላል ሊመስለው ይችላል። ይሁንና የሒሳብ ትምህርት ክፍሎች አመልካቹን በዋናነት የሚመዝኑት በስሌት ፍጥነቱ ሳይሆን፣ አንድን ቲዎረም ከብያኔው ተነስቶ ክፍተት ሳይተው ማረጋገጥ በመቻሉ ነው። ስለዚህ ከማመልከትዎ በፊት ያለውን ጊዜ፣ ቢቻል ሙሉ ዓመት፣ ለዚሁ ችሎታ ያውሉት።

መቅደም ያለበት ሪል አናሊሲስ፣ ማለትም የካልኩለስን መሠረቶች በማረጋገጫ የሚያጠናው ዘርፍ፣ ነው። መሐንዲስ የፎሪየር ሲሪየስን አባላት አንድ በአንድ ኢንተግሬት ሲያደርግ ውጤቱ ትክክል እንደሚሆን አምኖ ይቀጥላል፤ አናሊሲስ ግን ይህ የሚፈቀደው መቼ እንደሆነ ይጠይቃል። ሊሚት የፈንክሽኖችን ጠባይ ሁልጊዜ እንደማይጠብቅ ለማየት ከ0 እስከ 1 ያሉ ቁጥሮችን ወደ ከፍተኛ ፓወር እናሳድግ። 0.9 ወደ 100ኛ ፓወር ሲያድግ ከ0.0001 ያንሳል፤ 0.99 በዚያው ፓወር ገና 0.37 አካባቢ ነው፤ 1 ደግሞ ምንጊዜም 1 ነው። በእያንዳንዱ ፓወር የሚገኘው ፈንክሽን ኮንቲኒየስ (ያልተቆራረጠ) ሆኖ ሳለ ሊሚታቸው ከ1 በታች 0፣ 1 ላይ ግን 1 ስለሚሆን ኮንቲኒየስነቱን ያጣል። ምክንያቱ ወደ 1 በተጠጋን ቁጥር የሚያስፈልገው ፓወር ያለገደብ ማደጉ፣ ለነጥቦቹ ሁሉ በአንድነት የሚበቃ ፓወር አለመኖሩ ነው። ይህን ምክንያት፣ መጽሐፍ ሳይገልጡ፣ በጥንቃቄ መጻፍ ከቻሉ ዩኒፎርም ኮንቨርጀንስ (ፈንክሽኖች በነጥቦቹ ሁሉ ላይ በአንድነት ወደ ሊሚታቸው መቅረባቸው) ለምን እንዳስፈለገ ገብቶዎታል።

ሊኒየር አልጀብራን በቬክተር ስፔስና በሊኒየር ትራንስፎርሜሽን በኩል እንደገና ይማሩት፤ ከዚያ ግሩፕና ሪንግ የተባሉ፣ እንደ መደመርና ማባዛት ያሉ ስሌቶች የሚሠሩባቸው ስብስቦች የሚጠኑበት አብስትራክት አልጀብራ ይከተላል። ቶፖሎጂና ኮምፕሌክስ አናሊሲስ ጊዜ በፈቀደ መጠን ይጨመራሉ። የጻፉትን ማረጋገጫ የሒሳብ ባለሙያ እንዲያርመው ማድረግ ግን የግድ ነው፤ ብቻውን የሚያጠና ሰው የራሱን ክፍተት በቀላሉ አያየውምና።

በግል ማጥናት ብቻውን ለማመልከቻ አይበቃም። ቢያንስ አናሊሲስንና አልጀብራን ተመዝግበው ይውሰዱ፤ ውጤቱ ትራንስክሪፕት ላይ ይሰፍራል፣ መምህሩም ስለ ማረጋገጫ ችሎታዎ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ፣ በእኔ ግምት፣ ስለ ትጋትዎ ብቻ ከሚመሰክር የምህንድስና መምህር ደብዳቤ ይበልጣል። ጂአርኢ የተባለው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሒሳብ ልዩ ፈተና የሚጠየቅ ከሆነ ግማሽ ያህሉ ካልኩለስና ተዛማጅ ርዕሶቹ ስለሆኑ የምህንድስና ዝግጅትዎ እዚህ ላይ በሚገባ ይጠቅምዎታል።

የጥናት መስክ ሲመርጡ የቀድሞ ሙያዎን መጣል አይጠበቅብዎትም። ፓርሻል ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ኑመሪካል አናሊሲስ፣ ኦፕቲማይዜሽንና ኮንትሮል ቲዎሪ ለመሐንዲስ ቅርብ ናቸው። ንጹህ ሒሳብም ቢሆን ዝግ አይደለም፦ ራውል ቦት በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 በአሜሪካው ካርኔጊ የቴክኖሎጂ ተቋም የዶክትሬት ዲግሪውን ሲያገኝ ያጠናው የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ኔትወርኮችን ነበር፤ በኋላ ግን ከዘመኑ ታላላቅ የቶፖሎጂ ሊቃውንት አንዱ ሆኗል።

የሒሳብ ኮርሶችዎ ጥቂት ከሆኑ በቀጥታ ለዶክትሬት ከመወዳደር ይልቅ በማስተርስ ይጀምሩ፤ በማመልከቻ ጽሑፍዎም ስለ ሒሳብ ፍቅር ብዙ ከማተት ይልቅ የትኛው ቲዎረም ወይም ጥያቄ እንደሳበዎትና እስከ የት እንደተከታተሉት በዝርዝር ያስረዱ።