ሪሴት ከመጫናችሁ በፊት፦ ሰብስቴሽን (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ) ውስጥ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ክረምት ነበር። ኮምቦልቻ ላይ ነጎድጓዱ ሲያጓራ አምሽቶ አንዱ የኃይል መስመር ትሪፕ አደረገ (በራሱ ተቋረጠ)። ስደርስ ተረኛው ልጅ በደስታ ተቀበለኝ። «አብሽር ጋሼ፤ ሪሴት አድርጌ ብሬከሩን ክሎዝ አድርጌዋለሁ።» ሪሴት የጥፋቱን ምልክት ማጽዳት ነው፤ ብሬከሩ ደግሞ መስመሩን የሚያቋርጠውና የሚያገናኘው ማብሪያ ነው፤ ሲከፈት ኃይል ይቋረጣል፣ ሲዘጋ (ክሎዝ ሲደረግ) ይገናኛል። የትኛው ፍላግ (የጥፋት ምልክት) ነው የወደቀው? አላየም። ስንተኛው ዞን (የመስመሩ የርቀት ክፍል)? አላየም። የትኛው ፌዝ (ከሦስቱ ሽቦዎች የትኛው)? «ቀይ መብራት ነበር» አለኝ። ጥፋቱን ለይቶ ብሬከሩን የሚያስከፍተው ሪሌይ አሮጌ ስለነበር ፍላጉ ሲነሣ ማስረጃውም አብሮ ጠፋ። ጎህ ሳይቀድ መስመሩ ዳግም ተቋረጠ፤ ይኸው ልጅ ዳግም ሪሴት አደረገ። የመስመር ሠራተኞቹ የተሰነጠቀ ኢንሱሌተር (ሽቦውን ከምሰሶው የሚነጥል ስኒ) ፍለጋ በዚያ ጭቃና ገደል ሁለት ቀን ተንከራተቱ። ዞን አንድ መሆኑ ቢታወቅ ከእኛ ጀምሮ 80 በመቶ ያህሉን፣ ዞን ሁለት ቢሆን ደግሞ ወዲያኛውን ጫፍ አስቀድመው ይፈትሹ ነበር።

ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም፤ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። የከተማው ሰው መብራት ጠፋብኝ እያለ ስልክ ሲያጨናንቅ ጭንቀቱ ይገባኛል። ግን በሞባይል የሪሌዩን ገጽ ፎቶ ማንሳት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። «ዲጂታል ነው፣ ራሱ ይመዘግባል» የምትሉም አላችሁ። ይመዘግባል፤ ነገር ግን የሚሞሪው ቦታ ውስን ነው፣ መብረቅ በበዛበት ሌሊት አዲሱ መዝገብ የቀደመውን ይደመስሰዋል። ትራንስፎርመር ላይ ሲሆን ነገሩ ከዚህም ይከፋል። ዲፈረንሺያል ወይም ቡኮልዝ (የትራንስፎርመሩን ጥፋት የሚለዩ ሪሌዮች) አቋርጦት ከሆነ ጋዙ፣ ዘይቱና ኢንሱሌሽኑ ሳይመረመር ኃይል አይሰጠውም። የሎክአውት ሪሌይ (ብሬከሩ ዳግም እንዳይዘጋ የሚቆልፈው) በእጅ ካልሆነ በቀር የማይመለሰው፣ ሰው ቆሞ እንዲያነብ ነው።

ሰዓት። እኛ መዝገብ ላይ «ከሌሊቱ 8፡10» ብለን በኢትዮጵያ ቀን እንጽፋለን። ሪሌዩ ከሳተላይት በሚያገኘው ሰዓት ዩቲሲ (ከምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ላይ ከተተወ ያንኑ ክስተት 23፡10 ብሎ ይመዘግበዋል፤ ቀኑም በፈረንጆች፣ ያውም የትናንቱ። ጥፋቱ ከየት እንደተነሣ ለማወቅ የሁለት ጣቢያ መዝገብ በሚሊሰከንድ ይነጻጸራል፤ አንዱ ዩቲሲ ሌላው የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ከሆነ ንጽጽሩ ከንቱ ነው። ሁሉም ሪሌይና ስካዳው (ጣቢያውን ከሩቅ የምንቆጣጠርበት ሥርዓት) አንድ ሰዓት ይዘው እንደሆነ በየጊዜው እዩ። መዝገቡ ላይም የሪሌዩን ሰዓት ከእኛው ጎን ጻፉት።

ባትሪ። የቻርጀሩ መብራት አረንጓዴ መሆኑ ስለ ባትሪው ምንም አይነግራችሁም። ሪሌዩ ጥፋቱን ቢያይም የብሬከሩን ትሪፕ ኮይል (ብሬከሩን የሚያስከፍተውን መጠምጠሚያ) የሚያንቀሳቅሰው የባትሪው ዲሲ ነው። አንዲት የሞተች ሴል ሰንሰለቱን ከቆረጠችው ብሬከሩ አይከፈትም፤ ጥፋቱን ሩቅ ያለ ጣቢያ ዘግይቶ እስኪያቋርጠው ድረስ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። በጭነት ፈትኑት። እንደ ደሴ ባለ ብርዳም ደጋ ደግሞ የሊድ አሲድ ባትሪ አቅሙ እንደሚቀንስ አትርሱ።

የስካዳ ምልክት ሲፈተሽ ተርሚናሉ ላይ በሽቦ ማገናኘት ፈተና አይባልም። ብሬከሩን ራሱን ክፈቱ፣ ዝጉ፤ መቆጣጠሪያ ማዕከል ያለው ሰው ምን እንዳየ በስልክ ይንገራችሁ። የሁለት ቤይ (የአንድ መስመር ወይም ትራንስፎርመር መሣሪያዎች ክፍል) ሽቦ ተለዋውጦ ማዕከሉ ያልተከፈተውን ብሬከር «ክፍት ነው» እያለ የኖረበት ጣቢያ አጋጥሞኛል። ያን አምኖ ሰው ቢሰማራስ?

የአንዱን ቤይ የሪሌይ ሴቲንግ ለሌላው መገልበጥ፦ የሲቲው (ከረንቱን ለሪሌዩ የሚያሳንሰው ትራንስፎርመር) ሬሾ 400 ለ 1 ነው ወይስ 800 ለ 1? ሳታዩ አትገልብጡ።

ከፋብሪካ የመጣውን የሪሌይ ፓስወርድ በመጣችሁበት ቀን ለውጡ።

አንዱን እኔም ሠርቼዋለሁ። ጥገና ጨርሼ የሎካልና ሪሞት ማብሪያውን ሎካል ላይ (ከጣቢያው ብቻ በሚታዘዝበት) ትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ማታ ማዕከሉ አንድ ፊደር (ወደ ተጠቃሚ የሚወጣ መስመር) ሊከፍት ቢያዝ ትእዛዙ አልሠራም፤ ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ በዝናብ መኪና አስነሥቶ ሄደ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያንን ሰው ይቅርታ እለዋለሁ። አሁን ከጣቢያው ከመውጣቴ በፊት ለማዕከሉ ደውዬ «ሪሞት ላይ ነው፣ እናንተም ሪሞት ይታያችኋል ወይ?» ብዬ አረጋግጣለሁ።

የሲቲ ሰከንደሪ (ወደ ሪሌዩ የሚሄደው ወገን) ደግሞ ጭነት እያለበት፣ ሾርት ሳይደረግ (ጫፎቹ ሳይገናኙ)፣ በምንም ምክንያት አይከፈትም። በሺህ የሚቆጠር ቮልት ጫፉ ላይ ይፈጠራል፤ ይገድላል።