ለአደንና ለስጋ መሸከሚያ የሚሆን ባክፓክ እንዴት ይመረጣል? (ድሬና ሐረር ላላችሁ)

ድሬ ታይዋን ገብታችሁ ባክፓክ ስትጠይቁ ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ነው፣ ከዛ ኪሱን ይቆጥርላችኋል፣ ዚፑን ከፍቶ ዘግቶ ያሳያችኋል። ቦርሳው ግን በወረቀት ተጠቅጥቆ ነው የተሰቀለው፣ ውስጡ ክብደት የለም፣ ክብደት የሌለው ቦርሳ ደሞ ለማንም ይመቻል። የአደን ቦርሳ የሚፈተነው 20 ምናምን ኪሎ ስጋ ተጭኖበት ድንጋያማ ቁልቁለት ስትወርዱ ነው። ስለዚ ከዚ በታች የምነግራችሁን ሁሉ መመለሻውን እያሰባችሁ አንብቡት፣ ስትሄዱማ ውሃና ምሳ ነው የያዛችሁት፣ ፌስታልም ይበቃል።

ወደ ቦርሳው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር፦ ያለ ፈቃድ ማደን በህግ ክልክል ነው። ከሐረር ወረድ ብሎ ያለው የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ደሞ ከ1962 ዓ.ም ጀምሮ ለእንስሳቱ የተከለለ ቦታ ስለሆነ እዛ ስለ አደን ማሰብም የለም። ይሄን የምጽፈው ፈቃድ ኖሯቸው ለሚያድኑ፣ ህጋዊ የአደን ቀጠና ውስጥ በተሸካሚነትና በረዳትነት ለሚሰሩ ልጆች፣ እንዲሁም ገጠር ዘመድ ጋ ፍየል አርደው ስጋውን መኪና እስካለበት በእግራቸው ለሚያመጡ ሰዎች ነው። ለሶስቱም ጀርባው ያው ነው።

1. መጀመሪያ የምትሸከሙትን አስሉ

አንድ ኪሎ ጥሬ ስጋ የሚይዘው ቦታ አንድ ሊትር ገደማ ነው። ይቺን ከያዛችሁ በሊትር ማንም አያታልላችሁም። አጥንቱ የወጣ 20 ኪሎ ስጋ 20 ሊትር አካባቢ ይበቃዋል፣ ውሃው፣ ጃኬቱ፣ ቢላው፣ ገመዱ፣ የሚበላው ሲጨመር ከ50 እስከ 65 ሊትር የሚይዝ ቦርሳ ለአንድም ለሁለት ቀንም ይሆናል። 90 ሊትር የሚባለውን አልመክርም፣ ቦታ ካለ ሰው ይሞላዋል፣ ከሞላው ደሞ ብድግ ማለት ያቅተዋል። ልኩ ያለው ጉልበታችሁ ላይ ነው፣ አጠቃላይ ሸክሙ ከራሳችሁ ክብደት አንድ ሶስተኛውን እንዳያልፍ፣ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 23 ኪሎ ማለት ነው፣ ቦርሳው ራሱ ከ2 እስከ 4 ኪሎ እንደሚመዝንም አትርሱ፣ ውሃውም እያንዳንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ነው።

ፍየል ወይም ድኩላ ከሆነ ሁለት ሰው ተካፍሎ ያወጣዋል። ወንድ አጋዘን ግን ከ200 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፣ እሱን በአንድ ቦርሳ በአንድ ዙር አወጣለሁ የሚል ሰው ወገቡን ነው የሚያጣው። እኛ አካባቢ ደግነቱ አህያና ግመል አለ፣ የባክፓኩ ስራ ስጋውን ከጥሻውና ከገደሉ አውጥቶ ግመሉ የሚደርስበት ቦታ ማድረስ ነው፣ ከዛ በኋላ ያለውን ለግመሉ ተዉት። መንገዱ በጣም ሩቅ ከሆነ ደሞ እዛው ቋንጣ አድርጉት፣ ስጋ ሶስት አራተኛው ገደማ ውሃ ስለሆነ ሲደርቅ ሸክሙ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል።

2. ፍሬሙንና የወገብ ቀበቶውን እዩ

ከዚ ዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስታውሰው የምትሉ ይሄን አስታውሱ። የተማሪ ቦርሳ ጀርባው ላይ ያለው ስፖንጅ ብቻ ነው። ስጋ ሲገባበት ስፖንጁ ይታጠፋል፣ ክብደቱ ቂጥ ላይ ይወርዳል፣ ማንገቻው ትከሻን ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ሰውየው ሚዛኑን ለመጠበቅ ይጎብጣል፣ ግማሽ ሰአት ሳይቆይ ጣቱ መደንዘዝ ይጀምራል ምክንያቱም ማንገቻው ብብትና ትከሻ አካባቢ ያለውን ነርቭ ተጭኖታል።

ፍሬም ያለው ቦርሳ ግን ውስጡ ወይም ውጪው ላይ የአሉሚኒየም ዘንግ ወይ ጠንካራ ፕላስቲክ አለው፣ እሱ ክብደቱን ተቀብሎ ወደ ወገብ ቀበቶው ያወርደዋል፣ ቀበቶው ዳሌ አጥንት ላይ ይቀመጣል፣ እና አብዛኛውን የሚሸከመው እግር ይሆናል። ትከሻ ቦርሳው እንዳይወድቅ መያዝ ብቻ ነው ስራው። ስለዚ ቀበቶው ስስ ማሰሪያ ብቻ ከሆነ ሌላውን ነገር ሳታዩ አስቀምጡት። ጥሩ ቀበቶ ሰፊ ነው፣ መዳፍ የሚያክል፣ ስፖንጁ በጣት ስትጫኑት ገብቶ ይመለሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጨፈለቅም፣ እና የተሰፋው ጨርቁ ላይ ሳይሆን ከፍሬሙ ጋር ነው የሚያያዘው። ቀበቶውን ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፣ ፍሬሙ አብሮ ካልተነሳ ለይምሰል ነው።

ፍሬሙ ውጪ የሆነ ይሻላል ወይስ ውስጥ? ውጪ የሆነው ጀርባን አየር ያስገባለታል፣ ለድሬና ለኤረር ሙቀት ትልቅ ነገር ነው፣ ከረጢቱን ፈትታችሁ ስጋውን ቀጥታ ፍሬሙ ላይ ማሰርም ትችላላችሁ። ችግሩ ግራር ውስጥ ስታልፉ ቅርንጫፍ ይይዘዋል፣ ደሞም ይንቋቋል፣ እንስሳ ይሰማል። ውስጥ የሆነው ጀርባ ላይ ይለጠፋል፣ ዝም ይላል፣ ገደላማ ቦታ ላይ ሚዛን አያስትም፣ ግን ያልባል። እኔ ለቆላ ውጪውን፣ ባሌና አርሲን ለመሰለ ደጋ ተራራ ውስጡን ነው የምመርጠው። ሰልባጅ ውስጥ አንዳንዴ አሊስ የሚባለው የድሮ የአሜሪካ ወታደር ቦርሳ ይገኛል፣ በፈረንጆች 1973 የወጣ ነው፣ የአሉሚኒየም ፍሬሙ ጠንካራ ነው ግን ቀበቶው ስስ ስለሆነ ካገኛችሁት ቀበቶውን አስቀይሩት።

ዘመናዊዎቹ የአደን ቦርሳዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አላቸው፣ ከረጢቱ ከፍሬሙ ይላቀቅና መሃላቸው ክፍተት ይፈጠራል፣ ስጋው እዛ ገብቶ በጎን ማጥበቂያዎች ይታሰራል። ጥቅሙ ሁለት ነው፣ ከባዱ ነገር ጀርባችሁ ላይ ይጠጋል፣ ደሙም ልብስና ምግባችሁን አይነካም። ዋጋው ወደድ ይላል፣ ስጋ መሸከም ስራችሁ ከሆነ ግን ያወጣል።

3. የጀርባ ርዝመት

የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙና ሰው ይለካላችሁ። አንገት ስትደፉ ከኋላ ጎላ ብላ ከምትወጣው አጥንት ጀምሮ እስከ ዳሌ አጥንት ጫፍ ትክክል ድረስ። አብዛኛው ሰው ከ40 እስከ 53 ሳንቲም ውስጥ ነው። የሰው ቁመት አያሳስታችሁ፣ ረጅም ሆኖ ጀርባው አጭር የሆነ አለ። ማንገቻው ከፍና ዝቅ የሚል ቦርሳ ከሆነ ደሞ ለወንድምም ለጓደኛም ይሆናል።

4. ሱቅ ውስጥ ክብደት ጫኑበት

ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ አንድ እሽጉ 6 ስለሆነ 12 ኪሎ ነው፣ ሁለት እሽግ 24 ኪሎ ማለት ነው። ከቅርብ ሱቅ ግዙና ይዛችሁ ግቡ፣ ውሃው እንደሆነ ቤት ይጠጣል። ሻጩ «አቦ ምን ውሃ ትጭንበታለህ፣ ኦርጅናል ነው አልኩህ እኮ» ሊላችሁ ይችላል። «ኦርጅናል ከሆነማ ምን ይሆናል ወንድሜ» በሉትና ጫኑት። ጨርሶ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

አለባበሱ ቅደም ተከተል አለው። ሁሉንም ማሰሪያ አላሉት፣ ቦርሳውን መጀመሪያ ጉልበታችሁ ላይ አንሱ ከዛ ጀርባ፣ ቀበቶውን ዳሌ አጥንት ላይ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጉት፣ ቀጥሎ የትከሻውን ማንገቻ፣ ቀጥሎ ከትከሻ በላይ ወደ ቦርሳው አናት የምትሄደውን ትንሿን ማጥበቂያ፣ የደረቱን መጨረሻ። ትንሿ ማጥበቂያ ከትከሻችሁ ወደ ኋላ ሽቅብ ሰያፍ ሆና መሄድ አለባት፣ አግድም ከተኛች ወይ ወደ ታች ከወረደች ቦርሳው ለእናንተ አጭር ነው።

አሁን ትከሻችሁን ወደ ጆሮ ከፍ አድርጉ። ክብደቱ ወገብ ላይ ከቀረ ጥሩ፣ ሙሉው አብሮ ከተነሳ ቀበቶው አልሰራም። ተቀመጡ ተነሱ፣ ጎንበስ ብላችሁ ጫማችሁን እሰሩ፣ ደረጃ ካለ ውጡ ውረዱ። ሩብ ሰአት ያህል ሳታወልቁ ቆዩ ምክንያቱም የሚቆረቁር ቦታ ወዲያው አይታወቅም። ሐረር ያላችሁ እድለኛ ናችሁ፣ ጁገል ውስጥ ያሉት ድንጋያማ ጠባብ ቁልቁለቶች ለዚ ፈተና የተሰሩ ይመስላሉ። ድሬ ያላችሁ ሻጩ ካልተመቻችሁ መልሱልኝ ካላችሁ ደቻቱ ደረቅ ሲሆን አሸዋው ላይ ሂዱበት፣ አሸዋ ላይ ሸክም የሚወዛወዝ ከሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

5. ሰልባጅ ከሆነ ውስጡን ገልብጡት

ብዙዎቻችን አዲስ የአደን ቦርሳ አንገዛም፣ ሰልባጅ ነው። ሰልባጅ ላይ ጥሩ ጥሩ እቃ አለ ግን ማየት የሚገባችሁን ካላያችሁ ያረጀ ነው የሚሸጥላችሁ። ከረጢቱን ገልብጣችሁ የውስጡን ሽፋን ዳብሱ፣ ነጭ ነጭ እየተላጠ ከሆነ ወይ እጅ ላይ የሚጣበቅና ትውከት ትውከት የሚሸት ከሆነ የውሃ መከላከያው ሞቷል፣ ሰፊም አያድነውም። ፀሀይ የበላው ጨርቅ ቀለሙ ይነጣል፣ በሁለት እጅ ጨብጣችሁ ስትወጥሩት ጭርር እያለ ይቀደዳል። ጨርቁ ኮርዱራ (ጠንካራ የናይለን ጨርቅ) ከሆነ ደስ ይላል፣ 500 ዲኒየር (የክሩ ውፍረት መለኪያ ነው) በቂ ነው፣ 1000 ዲኒየር ለእሾህ ይሻላል ግን ይከብዳል። ዚፑ ላይ ዋይኬኬ (YKK፣ የታወቀ የዚፕ ብራንድ) የሚል ጽሁፍ ስላለ ብቻ አትመኑ፣ ቦርሳውን ሞልታችሁ ክፈቱ ዝጉ፣ ጥርሱ ከኋላው ከተከፈተ በቃ። የፕላስቲክ መቆለፊያዎቹን እያንዳንዳቸውን ቆልፋችሁ ሳቡ።

ስፌቱ የላላ ግን ፍሬሙ ጤነኛ የሆነ ቦርሳ ካገኛችሁ አትለፉት። ሐረር መኪና ግርግር ውሰዱት፣ እነዛ ልብስ ሰፊዎች እጃቸው የተፈታ ነው። ግን ምን እንደምትፈልጉ ንገሯቸው፦ ክሩ ናይለን ይሁን፣ የጥጥ ክር ደምና ላብ ሲነካው ይበሰብሳል። ማንገቻው ከቦርሳው አናት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ከስር ድርብ ጨርቅ ተደርጎ አራት ማዕዘን ይሰፋ፣ ከዛ መሃሉ ከጥግ ጥግ በኤክስ ይቋረጥ። አንድ መስመር ስፌት ብቻ ከሆነ 20 ኪሎ ሲንጠለጠልበት ክሩ ተራ በተራ ይበጠሳል። ማሰሪያ መቀየር ካስፈለገ የአሮጌ መኪና የወንበር ቀበቶ ፈልጉ፣ ከሱ የሚጠነክር ማሰሪያ ገበያ ላይ አላየሁም፣ የሰፊው መርፌ ግን ወፍራም መሆን አለበት።

እና የሰልባጅ ቦርሳ ከዚ በፊት ምን እንደተጫነበት አታውቁም። ከርከሮ ተሸክሞ ሊሆን ይችላል፣ እኛ ጋ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የማይበላው ነው። ስለዚ ምግብ ከመንካቱ በፊት በደንብ ይታጠብ።

6. ስጋው የሚገባበት ሌላ ከረጢት

ስጋ ቀጥታ ባክፓክ ውስጥ አይገባም፣ ፌስታል ውስጥም አይገባም። ገና የታረደ ስጋ የራሱ ሙቀት 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ በላስቲክ ስታፍኑት ሙቀቱም እርጥበቱም መውጫ ያጣል፣ ባክቴሪያ ደሞ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ውስጥ በፍጥነት ይራባል። ድሬ በግንቦትና በሰኔ ቀኑ 35 ዲግሪ ይነካል፣ እዛ ላይ ፌስታል ሲጨመር ስጋው ቤት ሳይደርስ ይሸታል።

አቡጀዲ ግዙ፣ ትራስ ልብስ የሚያክሉ አራት አምስት ከረጢት አሰፉ፣ አፋቸው በገመድ የሚሳብ። ቆዳው ቶሎ ይገፈፍ፣ ስጋው ተቆራርጦ ጥላ ላይ ይሰቀል፣ ላዩ ደረቅ ብሎ ስስ ቆዳ ነገር እስኪያበጅ፣ ከዛ አቡጀዲው ውስጥ። አየር ይገባል፣ ዝንብ አይገባም። የላስቲክ ሽፋን ባክፓኩን ከደም ለመጠበቅ ከታች ማንጠፍ ይቻላል፣ ስጋውን መጠቅለል ግን የለም። ጉዞውን ለማለዳ ወይ ለአመሻሽ አድርጉት።

እኛ አካባቢ ደሞ ቡድኑ ቅይጥ ነው የሚሆነው፣ የክርስቲያን እርድና የሙስሊም እርድ በአንድ ቦርሳ ከሄደ ሁሉም ይቸገራል። ከረጢቶቹን በተለያየ ቀለም ክር አሰፏቸው፣ ከተቻለ በተለያየ ሰው ጀርባ ይሂዱ።

7. አጫጫንና ቀለም

ከባዱ ስጋ ከጀርባችሁ ጋር ተጣብቆ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መሃል ከፍታ ላይ ይሁን። ገደል ገደሉን ስትሄዱ ትንሽ ዝቅ አድርጉት፣ ሸክም ከፍ ሲል ሰው ይገለበጣል። ከዛ የጎን ማጥበቂያዎቹን ምንም እንዳይወዛወዝ አድርጋችሁ ሳቡ።

ቀለሙ ቡናማ ወይ አረንጓዴ ቢሆን ይሻላል፣ የወታደር ዥጉርጉር ግን አትግዙ፣ ኬላ ላይ ጥያቄ ያመጣል። ፊት ለፊት በረጅም ዚፕ የሚከፈት ቦርሳ ከሆነ ደሞ ሲፈተሽ ስጋው ሁሉ መሬት ላይ አይዘረገፍም፣ የአደን ፈቃዱንም በቀላሉ የሚወጣ ኪስ ውስጥ አድርጉት። ስጋና ቀንድ ተሸክማችሁ በጥሻ ስትሄዱ ደሞ ብርቱካናማ ወይ ቀይ ጨርቅ ከላይ እሰሩ፣ ሌላ አዳኝ ከሩቅ ቀንድ ብቻ አይቶ እንዳይተኩስ።

8. ከተመለሳችሁ በኋላ

በዛው ቀን እጠቡት። በቀዝቃዛ ውሃ ይሁን፣ ሙቅ ውሃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያደርቀዋል። በሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ አሽታችሁ፣ ዚፑን ከፍታችሁ፣ ጥላ ላይ አድርቁ፣ የድሬ ፀሀይ ናይለን ይበላል። አቡጀዲዎቹን ግን ቀቅሏቸው። እና ሐረር ያላችሁ፣ ደም የሸተተ ቦርሳ ማታ ግቢ ውስጥ ወይ ደጅ አታሳድሩ፣ ጅብ ከተማ ውስጥ እንደሚገባ ታውቃላችሁ፣ ቦርሳውን ጎትቶ ሄዶ ማንገቻውን አኝኮ ነው የሚተወው። ማታ ለማጠብ ካልደረሳችሁ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ባልዲ ውስጥ አድርጉና ቤት አስገቡት፣ ጠዋት ስታጥቡት የማንገቻውን ስፌት በጣታችሁ እየሄዳችሁ እዩ፣ አንድ ክር እንኳ ብድግ ካለ ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት ሰፊው ጋ ይሂድ።