በቤት የተዘጋጀ የአክሪሊክ ማቅጠኛ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሔው

ደሴ ላይ በአክሪሊክ የሚሠራ ሰው ቀለሙን ብዙ ጊዜ የሚያስገዛው አዲስ አበባ ደርሶ በሚመለስ ወዳጅ እጅ ነው። ማቅጠኛውን፣ ማዘግያውንና ማወፈሪያውን ሁሉ በዚያው መንገድ ላስመጣ ቢል ኪሱም ወዳጁም ስለማይችሉት፣ ከፋርማሲ፣ ከግንባታ ዕቃ መደብርና ከጓዳ በሚገኝ ነገር ይተካቸዋል። መተካቱ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ የሚመጣው የተጨመረው ነገር ቀለሙ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

ቱቦ ውስጥ ያለው አክሪሊክ በዋናነት የቀለም ዱቄት፣ ውሃ፣ እንዲሁም በውሃው ውስጥ ተበታትነው የሚንሳፈፉ፣ በዓይን የማይታዩ የአክሪሊክ ፕላስቲክ ቅንጣቶች ድብልቅ ነው። ውሃው ሲተን ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው ይጣበቁና ዱቄቱን አቅፎ የሚይዝ አንድ ወጥ ቆዳ ይሆናሉ፤ ይህ ቆዳ አንዴ ከተሠራ በኋላ በውሃ አይፈታም። ማንኛውንም የቤት ውህድ የምመዝነው በዚህ ነው፦ የምጨምረው ነገር ወይ እንደ ውሃ ተንኖ የሚሄድ፣ ወይ እንደ ኮላ ራሱ የሚያያይዝ መሆን አለበት። ሳይተንም ሳያያይዝም እዚያው የሚቀር ነገር፣ ግሊሰሪንም ሆነ ሳሙና፣ በጠብታ እንጂ በማንኪያ አይገባም።

ቀለሙ ጓል ጓል ብሎ ሲለያይ

ምልክቱን ለማየት ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። አይብ ሊወጣለት እሳት ላይ እንደተጣደ አሬራ ውሃው ለብቻው፣ ቀለሙ ለብቻው ይሆናል፤ በብሩሽ የሚነሣውም የተኮማተረ ጓል ብቻ ነው። ዋናው መንስኤ ከቃሉ የሚመጣ ስሕተት ነው። የቤት ቀለም ቀቢዎች «ዘይት ቀለም» እና «ፕላስቲክ ቀለም» ብለው ይለያሉ፤ ቲነር የዘይት ቀለም ማቅጠኛ ሲሆን፣ አክሪሊክ ግን በዘሩ ለፕላስቲክ ቀለሙ ይቀርባልና የሚቀጥነው በውሃ ነው። እኔም በጀማሪነቴ አንድ ሱቅ ገብቼ «የቀለም ማቅጠኛ ስጡኝ» ብል ባለሱቁ የጠየቅሁትን በቅንነት ቀድቶ ሰጠኝ። አንድ ማንኪያ ሰማያዊው ላይ እንደጨመርኩ ቀለሙ ተቋጠረ፤ ምን እንደሆነ ሳልረዳ በእንጨት ሳማስለው የያዘው ቀጭን የፕላስቲክ ስኒ ታቹ ለስልሶ ጠረጴዛው ላይ ተጣበቀ። እንዲህ የተለያየ ቀለም አይመለስም፤ መጣል ነው። ብሩሹ ግን ቶሎ በቲነር ተለቅልቆ ወዲያው በሳሙናና በውሃ ከታጠበ ይተርፋል።

ቲነር ሳይነካውም ቀለም ሊለያይ ይችላል። ከፋርማሲ የሚገዛው የቁስል አልኮል የውሃውን ውጥረት ስለሚቀንስ ቀለም በሚያንሸራትት ገጽ ላይ እንዲዘረጋ ይረዳል፣ ተንኖም ይሄዳል፤ ነገር ግን በቀጥታ ከጠርሙሱ ሲፈስበት ቀለሙ ይደነግጣል። አንድ እጅ አልኮል አስቀድሞ በአራት እጅ ውሃ ተበርዞ፣ ከዚያ በጠብታ እየተጨመረ ቢማሰል ችግሩ አይፈጠርም። አቼቶና ሎሚም እንዲሁ ያፈርሱታል፤ አክሪሊክ የሚረጋጋው ከአሲድ ተቃራኒ በሆነ ጠባይ ስለሆነ ኮምጣጣ ነገር ሲገባበት ቅንጣቶቹ ያለጊዜያቸው ይጣበቃሉ። ማዕድን የበዛበት ውሃም ቀስ በቀስ ሊያሻክረው ስለሚችል፣ ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ውህድ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን የተጣራ ውሃ መጠቀም ይሻላል። ሆኖም ከዚያው መደርደሪያ ላይ ከሚገኘው የባትሪ አሲድ ጋር እንዳይምታታ ጽሑፉ ይነበብ፤ አሲዱ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ቆዳንም ያቃጥላል።

ሥዕሉ ደርቆ እጅ ላይ ሲቀር

ይህ ከሁሉም የበለጠ የሚያጋጥም ነው። ሥዕሉ ደርቋል ተብሎ ሁለት ቀን ከቆየ በኋላ፣ በረጠበ ነጭ ጨርቅ ጥግ ጥጉ ቢነካ ጨርቁ ሰማያዊ ወይም ቀይ ሆኖ ይነሣል፤ ገጹም ድምቀቱን አጥቶ የአመድ መልክ ይይዛል። መንስኤው የውሃ ብዛት ነው። ውሃው ሲበዛ ቅንጣቶቹ እጅግ ስለሚራራቁ፣ ውሃው ተንኖ ሲያልቅ የሚሠሩት ቆዳ ወንፊት ይሆንና ዱቄቱን አይዝም። አራት እጅ ቀለም አንድ እጅ ውሃ ያለ ችግር ይሸከማል፤ ከዚያ በላይ ማቅጠን ካስፈለገ ግን ውሃው ማያያዣ ይዞ መግባት ይኖርበታል። የተገዛ የአክሪሊክ ሚዲየም፣ ማለትም የቀለም ዱቄት ያልገባበት የአክሪሊክ ማያያዣ፣ ካለ እኩል ሚዲየምና እኩል ውሃ በጥብጦ በዚያ ማቅጠን ነው። ከሌለ አንድ እጅ ነጭ የእንጨት ኮላ በሁለት እጅ ውሃ ተበርዞ፣ ከታች እንደማነሣው ጉድለቱ ታውቆ፣ ቦታውን ይይዛል። ልዩ ሁኔታው ወረቀት ወይም ያልተቀባ አቡጀዲ ላይ ሲሠራ ነው፤ በዚያ ጊዜ ክሩ ራሱ ዱቄቱን ውስጡ ስለሚይዘው ቀለሙ እንደ ውሃ ቀለም በጣም ቢቀጥንም አይራገፍም።

የተበላሸውን ለማዳን በብሩሽ መነካካት አይገባም፤ ብሩሹ ዱቄቱን እየጠረገ አንዱን ቀለም ከሌላው ያጨማልቃል። ቀጭን ጉም በሚያወጣ የጸጉር ውሃ መርጫ፣ በውሃ የቀጠነ ሚዲየም በሦስት ስስ ዙር፣ እያንዳንዱ ዙር ሲደርቅ እየተጠበቀ፣ ከአንድ ክንድ ርቀት ይረጫል።

ይህን ምልክት የውሃ ብዛት ብቻ ነው የሚያመጣው ማለት ግን አይደለም። አክሪሊክ በአግባቡ ቆዳ እንዲሠራ የሙቀቱ መጠን ከ9 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ መሆን አለበት፤ ከዚያ በታች ውሃው ቢተንም ቅንጣቶቹ ደንድነው ስለሚቆዩ አይዋሐዱም። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ባዶ ክፍል ውስጥ ቅዝቃዜው ከዚህ በታች ቢወርድ ብርቅ አይደለም። ቀን በትክክል የተበረዘ ቀለም ማታ ተቀብቶ ጠዋት ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ከታየበትና ሲዳሰስ ከቦነነ፣ ጥፋቱ የውህዱ ሳይሆን የሰዓቱ ነው። ያው ውህድ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ባለችው ኮምቦልቻ ተቀብቶ ደኅና ሲሆን ያየ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይረዳል። መፍትሔው ከረፋድ እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ መቀባት፣ ለሌሊቱም ሥራውን ቡና ወደሚፈላበት ክፍል ማስገባት ነው። ከምድጃው ግን ሁለት ሜትር ያህል ይራቅ፤ ፍም አጠገብ ሲቀመጥ ላዩ ቀድሞ ስለሚደርቅ ውስጡ ሲሰበሰብ ይሰነጥቀዋል።

ሳምንት ቆይቶም ሲያጣብቅ

መንስኤው ግሊሰሪን ነው ብሎ መጀመር ይቻላል። ከጥቅምት በኋላ ደረቁ የበጋ ነፋስ ሲነሣ ቀለሙ ገና ፓሌት (የቀለም መደባለቂያ ሰሌዳ) ላይ ሳለ ቆዳ ይይዛል፤ ለዚህም ለእጅ ቅባትነት የሚሸጠው ግሊሰሪን ጥሩ ማዘግያ ይሆናል። ግሊሰሪን ግን በተራ ሙቀት አይተንም፤ እንዲያውም ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ቀለሙን ለስላሳ አድርጎ ያቆየዋል። በክረምት፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን ሲሸፍን፣ በበጋ ደረቅ የመሰለው ሥዕል እንደገና ማጣበቅ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ የቡናው ዕጣን ጭስና አቧራው እየተለጠፈበት ነጩ ሁሉ ይጠቁራል።

ለአንድ የሾርባ ማንኪያ ቀለም ከአምስት ወይም ከስድስት ጠብታ በላይ አያስፈልግም፤ መርፌው የወጣለት የፋርማሲ ሲሪንጅ ለዚህ ልክ ነው። ከበዛ በኋላ ደግሞ ቫርኒሽ ደርቦ መሸፈን ችግሩን ከሥሩ መቅበር ስለሚሆን አይሠራም። ሞቅ ባለ ደረቅ ክፍል ሁለት ሳምንት ይጠበቅና ካልተሻለው ያን ክፍል በስለት ጀርባ ፍቆ እንደገና መቀባት ነው። እኔ በበኩሌ ግሊሰሪንን ትቻለሁ። ሰሃን ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፎ፣ በላዩ ስስ ወረቀት አድርጎ፣ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ ማቅረብ እርጥበቱን ከሥር ስለሚመግበው ቀለሙ ውስጥ ምንም ሳይገባበት ለሰዓታት ያቆየዋል።

አረፋና ትንንሽ ቀዳዳ ሲታይ

የሳሙና ብዛት ነው፣ አለዚያም ጠርሙሱ ተንጧል። ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ለአንድ ብርጭቆ ውሃ አንድ ጠብታ በቂ ነው፤ ከዚያ የበለጠው ከደረቀ በኋላም ውስጡ ስለሚቀር ቀለሙን ውሃ ሲነካው በቀላሉ የሚጎዳ ያደርገዋል። ውህዱ በቀስታ ይማሰል፣ ሳይነካ ይደር፣ ጠዋት ላይ ይቀባ።

ኮላው ሲነጣ፣ ቢጫ ሲሆን ወይም ሲለቅ

ነጩ የእንጨት ኮላ ከአክሪሊክ ጋር ሳይጣላ ይቀላቀላል፤ ፍሰት ይሰጣል፣ ርካሽም ነው፤ ስለዚህ የቤት ሚዲየም ሁሉ መነሻ ሆኗል። አክሪሊክ ግን አይደለም። ሲደርቅ የሚሠራው ቆዳ ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል፣ እንደ ወተት ይነጣል፤ አንዳንዱም በዓመታት ውስጥ ወደ ቢጫነት ይሄዳል፣ ይሰባበራልም። ሰው ሊገዛው ለሚችል ሥዕል ላይ ላዩን ኮላ ቀብቶ ቫርኒሽ ነው ማለትን የማልደግፈው ለዚህ ነው። ከሥር፣ ለመጀመሪያው ንብርብር፣ ለልምምድና ለትምህርት ቤት ሥራ ግን ይበቃል።

ኮላዎች በእጅጉ ስለሚለያዩ አዲስ ጣሳ በተከፈተ ቁጥር የምሠራት ሙከራ አለች። በአንድ የመስኮት መስታወት ቁራጭ ላይ ኮላውን በሦስት መስመር እቀባዋለሁ፤ አንደኛው ብቻውን፣ ሁለተኛው በእኩል ውሃ የተበረዘ፣ ሦስተኛው ከጥቁር አክሪሊክ ጋር የተደባለቀ። አንድ ቀን ሙሉ ከደረቀ በኋላ መስታወቱን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጬ ቢጫነቱን አያለሁ፤ ቀጥሎ በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ የውሃ ጠብታ ጥዬ ዐሥር ደቂቃ እጠብቃለሁ። ጠብታው ያረፈበት ከነጣና በጥፍር ሲገፋ እንደ ልጣጭ ከተነሣ፣ ያ ኮላ ከሥር እንጂ ከላይ አይውልም። ጥቁሩ መስመር ሲደርቅ ግራጫ ሆኖ ከቀረ ደግሞ ኮላው ውስጥ ነጭ ማብዣ ዱቄት አለበት ማለት ነውና ለጥልቅ ቀለም አይሆንም።

ወፍራም ሆኖ የፈሰሰ የኮላ ውህድ ደረቅ መሬት መስሎ ሲሰነጣጠቅም መንስኤው ያው የውፍረት ጉዳይ ነው፤ ላዩ ደርቆ ሲደነድን ውስጡ ገና እየተሰበሰበ ነው። በአንድ ዙር የብርጭቆ ውፍረት ከማፍሰስ ይልቅ በስስ በስሱ፣ ቀን እያለፈ መደረብ ይሻላል። ስንጥቁን ወደውት የሚተዉትም አሉ፤ ከተወደደ ጥፋት አይደለም፣ ግን ቅርፊቱ አለመነሣቱ ይረጋገጥ።

ጀሶው ጣሳ ውስጥ ድንጋይ ሲሆን

ጀሶ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ሠዓሊው ሸራ ለማዘጋጀት የሚቀባው ነጭ ድብልቅና ግንበኛው ኮርኒስ የሚሠራበት ዱቄት በአንድ ስም በመጠራታቸው ብዙ ጣሳ ባክኗል። የግንበኛው ጀሶ ተቃጥሎ ውሃው የወጣለት ዱቄት ስለሆነ ውሃ ሲያገኝ ይሞቃል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ይጠጥራል። ኮላ ውስጥ በቀጥታ ከተነሰነሰ የሚገኘው ጓል ወይም ድንጋይ ነው።

በትዕግሥት ግን ይገራል። አንድ እጅ ጀሶ በብዙ ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ፣ እንዳይጠጥር ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያቋርጡ ከተማሰለ በኋላ፣ በቀጣዮቹ ቀናት ውሃው እየተቀየረና እየተማሰለ ሲቆይ የመጠጠር ኃይሉን ይጨርሳል፤ የዘቀጠው ለስላሳ ጭቃ ነው የሚፈለገው። ለማይታገሥ ሰው የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ አለለት። ብዙው ጠመኔ አስቀድሞ የጠጠረ ጀሶ ስለሆነ ተወቅጦ በነጠላ ቁራጭ ቢነፋ ውሃ ሲያገኝ እንደገና አይደነድንም። ሁለት እጅ የጠመኔ ዱቄት፣ አንድ እጅ ኮላ፣ አንድ እጅ ነጭ አክሪሊክ ወይም ፕላስቲክ ቀለም፣ እንደ አጃ ሾርባ እስኪሆን ውሃ። ከደረቀ በኋላ ጣት ላይ ነጭ ከቀረ ኮላ አንሶታል፤ ቀለሙን የማይቀበል የሚያንሸራትት ከሆነ ኮላ በዝቶበታል። ሸራው ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ ደግሞ ዱቄቱ በዝቷልና እንዲህ ያለው ለእንጨትና ለችፑድ እንጂ ተጠቅልሎ ለሚጓዝ አቡጀዲ አይሆንም።

ሽታና ሻጋታ

በቆሎ ስታርች ወይም በዱቄት ሙጫ የተወፈረ ማንኛውም ውህድ ምግብ ነው፤ ምግብም ይበላሻል። ለመከላከል ብለው አቼቶ የሚጨምሩ ሰዎች ከላይ ወዳነሣሁት መቋጠር ይመለሳሉ። የዕለቱን ብቻ መሥራት፣ ከተረፈ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሦስት ቀን ማቆየት፣ አረንጓዴ ነጥብ ከታየበት ያለ ጸጸት መድፋት ነው። ሸራ ላይ ከደረቀ በኋላ የሻገተ ከሆነ ግን መንስኤው እርጥበት ያለው ግድግዳ ጭምር ስለሆነ፣ ሥዕሉ ከግድግዳው በሁለት ቁራጭ ቡሽ ተለይቶ ቢሰቀል አየር ከኋላው ይዘዋወራል።

የተረፈው አልኮልና ግሊሰሪን በሃይላንድ ጠርሙስ ሲቀመጥ ከውሃ ስለማይለይ፣ ፕላስተር ለጥፌ ስሙንና የተሠራበትን ቀን ጽፌ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ከቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጠዋለሁ።