ሊኑክስ ጭናችሁ ኢንተርኔት እምቢ ሲላችሁ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ሊኑክስ ጫናችሁ፣ ሁሉም ነገር ያምራል፣ ዋይፋዩ ግን የለም። ላፕቶፑን አንጠልጥላችሁ ወደ መገናኛ ከመሮጣችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ከኮዬ ፈጬም ሆነ ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ መሃል ከተማ ደርሶ መመለስ ከታክሲ ሰልፉ ጋር ግማሽ ቀን ይበላል። ሱቅ ደርሳችሁ «ይሄ ለሊኑክስ ይሆናል?» ስትሉ ደግሞ መልሱ የታወቀ ነው፦ «አለቃ፣ ለሁሉም ይሠራል።» ካልሠራስ? «ዊንዶውስ ጫንበትና ተገላገል።» ባለሱቁ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ የሚያውቀው ካርቶኑን ነው። ሊኑክስ ደግሞ ካርቶን አያይም፤ ውስጥ ያለውን ቺፕ ነው የሚያየው። ስለዚህ ትልቁ ሥራ የቺፑን ቁጥር እቤት ቁጭ ብሎ ማወቅ ነው።

ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው። ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በትንንሽ የላቲን ፊደል፣ የአንዱን ቃል ፊደላት ሳትነጣጥሉ ነው የምትመቷቸው።

በቅድሚያ፦ ለጊዜው ከስልክ ኢንተርኔት ውሰዱ

ድራይቨር (ሊኑክስ ቺፑን የሚያናግርበት ፕሮግራም) ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨር። ይህን ቋጠሮ የሚፈታው አንድሮይድ ስልክና የቻርጀር ገመድ ነው። ስልኩን ላፕቶፑ ላይ ሰክታችሁ፣ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖት ካለበት ቦታ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚለውን አብሩ። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኬብል ኔትወርክ ይቆጥረዋል፤ ድራይቨሩ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ አብሮ ስላለ የምትጭኑት ነገር የለም። ብዙ ስልኮች የተገናኙበትን ዋይፋይም በዚሁ ገመድ ያስተላልፋሉ፣ የግድ የሞባይል ዳታ አያስፈልግም።

«ዩኤስቢ ቴተሪንግ» ደብዝዞ አልነካ ካለ ስልኩን ከመጠርጠር በፊት ገመዱን ቀይሩ። መንገድ ዳር ከሚሸጡት ርካሽ ገመዶች ውስጥ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ፣ የዳታ ሽቦ ጭራሽ የሌላቸው ሞልተዋል። ደግሞ የዳታ ፓኬጃችሁን ጠብቁ፤ ገና ከመገናኘቱ ሲስተሙ አፕዴት እያለ ከኋላ መጎተት ይጀምርና የወሩን ፓኬጅ ባንድ ማታ ሊጨርሰው ይችላል። የኔትወርክ ሴቲንጉ ውስጥ «ሚተርድ» (በልክ የሚከፈልበት) የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን አብሩት።

ምልክት፦ ዋይፋይ የሚባል ነገር ጭራሽ አይታይም

ተርሚናል ከፍታችሁ «ኤልኤስፒሲአይ» ብላችሁ ክፍተት ስጡ፣ ከዚያ ሰረዝና «ኤንኤንኬ» ጨምሩ። ብዙ መስመር ይወርዳል፣ አትደንግጡ። «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚለውን ፈልጉ። መጨረሻው ላይ በቅንፍ ውስጥ በሁለት ነጥብ የተከፈለ ቁጥር አለ፤ የፊተኛው አራት ቦታ ፋብሪካውን፣ የኋለኛው ቺፑን ይናገራል። 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው፣ 10ኢሲ ሪልቴክ፣ 14ኢ4 ብሮድኮም፣ 168ሲ አቴሮስ። ከሥሩ «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል መስመር ከሌለ ቺፑን የተረከበው ድራይቨር የለም ማለት ነው።

ኢንቴል ከሆነ እፎይ በሉ። ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ፈርምዌር የሚባለው፣ ቺፑ ሲነሳ የሚጫንለት ፋይል ነው። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ከ12ኛው እትም በፊት (12ኛው የወጣው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው) ኮዱ ክፍት ያልሆነ ፈርምዌር ዋናው የመጫኛ ዲስክ ላይ አይጨምርም ነበር፤ ከጓደኛ ፍላሽ የተቀዳ አሮጌ ዴቢያን የጫነ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው። በስልኩ ኢንተርኔት የፈርምዌር ሪፖዚተሪውን (የፓኬጆች ማከማቻውን) ከፍታችሁ «ፈርምዌር-አይደብሊውኤልዋይፋይ» የሚለውን ፓኬጅ ጫኑ። ላፕቶፑ አዲስ ሆኖ ሊኑክሱ አሮጌ ከሆነ ግን ፈርምዌር ብቻውን አይበቃም፣ ከርነሉንም አሳድጉ።

ብሮድኮም ከሆነ ትንሽ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ያገለገሉ ዴልና ኤችፒ ላፕቶፖች ውስጥ ቢሲኤም43142 የሚባለው ቺፕ ይገኛል፤ እሱ የሚሠራው ኮዱ ለሕዝብ ክፍት ባልሆነው የብሮድኮም ድራይቨር ብቻ ነው። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን መስኮት ክፈቱና ምረጡት። ዴቢያን ላይ «ብሮድኮም-ኤስቲኤ-ዲኬኤምኤስ» ነው፣ ከከርነሉ ሄደርስ (ድራይቨሩን ለከርነሉ ለማዘጋጀት ከሚያስፈልጉት ፋይሎች) ጋር።

ተጭኖም ካልሠራ ሴኪዩር ቡትን (ያልተፈቀደ ድራይቨር እንዳይነሳ የሚከለክለውን የላፕቶፑን ጥበቃ) ጠርጥሩ። ኡቡንቱ ድራይቨሩን ሲጭን የይለፍ ቃል አስመርጧችሁ ነበር፣ አይደል? ሪስታርት ስታደርጉ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና ቁልፍ እስክትነኩ 10 ሰከንድ ይጠብቃል። ብዙ ሰው እሱን ያሳልፈዋል ወይም «ኮንቲኒው» ብሎ ይገባል፣ ያኔ ድራይቨሩ ሳይፈቀድለት ይቀራል። «ኤንሮል» የሚለውን መርጣችሁ ያንኑ የይለፍ ቃል አስገቡ። ይሄ ካስቸገራችሁ ባዮስ (የላፕቶፑ የራሱ ሴቲንግ) ገብታችሁ ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት ይቻላል።

ይህ የብሮድኮም ድራይቨር ከርነል በተቀየረ ቁጥር ለአዲሱ አልስማማም ሊል ይችላል። እኔን ብትጠይቁኝ ከሱ ጋር ከመታገል ካርዱን አውጥቶ ያገለገለ የኢንቴል ካርድ መግጠም ይሻላል። ግን አንዳንድ የድሮ ኤችፒና ቲንክፓድ ላፕቶፖች ከተፈቀደላቸው ውጭ ካርድ አይቀበሉም፤ ቲንክፓዱ ሲነሳ 1802፣ ኤችፒው 104 የሚል ስህተት ጽፎ ቀጥ ይላል። ካርዱን ስትገዙ ካልሆነ እንደሚመለስ ተነጋገሩ።

ምልክት፦ ካርዱ አለ፣ ግን አልበራም ይላል

«አርኤፍኪል ሊስት» በሉ። «ሶፍት ብሎክድ» ላይ አዎ ካለ «አርኤፍኪል አንብሎክ ኦል»፣ በቃ። «ሃርድ» ላይ ከሆነ ጎን ላይ ያለች ማብሪያ ወይም የአውሮፕላን ምልክት ያለባት ቁልፍ ናት።

ምልክት፦ የገዛችሁት ትንሿ የዋይፋይ ዩኤስቢ ሲዲ ሆና ትታያለች

ይሄ ሰውን ያሳብዳል። ትሰኩና «ዲስክ» የሚል ነገር ይከፈታል፣ ውስጡ የዊንዶውስ ድራይቨር። «ኤልኤስዩኤስቢ» በሉ፤ 0ቢዲኤ፡1ኤ2ቢ ካለ ሪልቴክ ነው፣ ገና የሲዲ ባህርዩ ላይ ነው ያለው። የተከፈተውን ሲዲ «ኢጀክት» አድርጉት፣ ብዙ ጊዜ ዋይፋይ ሆኖ ይነሳል። «ዩኤስቢ-ሞድስዊች» የሚባለው ፓኬጅም ይህንኑ ይሠራል። ከተቀየረ በኋላም ዝም ካለ ከርነላችሁን እዩ፦ አርቲኤል8821ሲዩ በዩኤስቢ ከርነሉ ውስጥ የገባው 6.2 ላይ ነው፣ ከዚያ በፊት የድራይቨሩን ኮድ አውርዶ ማጠናቀር (ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየር) ግድ ነበር።

ገና የምትገዙ ከሆነ ለርካሹ ኤምቲ7601ዩ ቺፕ ያለውን ፈልጉ፤ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው፣ ግን ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ አለ። 5 ጊጋኸርዝ ከፈለጋችሁ ኤምቲ7612ዩ። ኤአር9271ም አሮጌ ግን ታማኝ ነው። ስሟን አምናችሁ ግን አትግዙ። የቲፒ-ሊንኳን ደብሊውኤን722ኤን ውሰዱ፦ የመጀመሪያው ቨርዥን ውስጥ ያለው ኤአር9271 ነው፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ሪልቴክ ገብቶበታል፣ ስሙ ግን ያው። ልዩነቱ ካርቶኑ ጀርባ ባርኮዱ አካባቢ በደቃቅ የተጻፈችው የቨርዥን ቁጥር ላይ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ላፕቶፑን ይዛችሁ ሄዳችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሰክታችሁ «ኤልኤስዩኤስቢ» ማለት ነው። ባለሱቁ ገርሞት ያያችኋል፣ ይየው።

ምልክት፦ የሲም ዶንግሉ (ሲም የሚገባበት የኢንተርኔት ዩኤስቢ) ፍላሽ ሆነ

ያው የሲዲው በሽታ ነው። ሁዋዌ ከሆነ «ኤልኤስዩኤስቢ» ላይ ቁጥሩ 12ዲ1 ብሎ ይጀምራል፤ 12ዲ1፡1446 ወይም 12ዲ1፡1ኤፍ01 ካያችሁ ገና ሞደም አልሆነም። «ዩኤስቢ-ሞድስዊች» እና «ሞደምማኔጀር» ይጫኑ፣ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት። ሃይሊንክ የሚባለው ዓይነት ራሱ ራውተር ነው፤ እንደ ኬብል ይገናኛል፣ ብራውዘር ላይ 192.168.8.1 ስትሉ ገጹ ይከፈታል። ሌላው ዓይነት ኤፒኤን (ወደ ሲሙ ኢንተርኔት የሚያስገባውን ስም) ይጠይቃል፣ የሲማችሁን ድርጅት ኤፒኤን ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ አይታችሁ እንዳለ ገልብጡት።

ምልክት፦ ይገናኛል፣ ይቆረጣል

ዩኤስቢ 3 ላይ የተሰካ ነገር 2.4 ጊጋኸርዝን ይረብሻል፤ ዋይፋዩን ወደ ሌላ ቀዳዳ ወይም በአጭር ማራዘሚያ ገመድ አርቁት። ካልሆነ የዋይፋዩን ፓወር ሴቪንግ አጥፉ።

ይህ ሁሉ ሰልችቷችሁ ከሆነና ቤት ውስጥ ባለሲም 4ጂ ራውተር ካላችሁ ጀርባውን እዩት። አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ወይም ጥቁር የኬብል ቀዳዳ አለው። የላን ገመድ ሰክታችሁ ጨርሱ፣ የላፕቶፕ የላን ካርድ ሊኑክስን እምብዛም አያስቸግርም። ላፕቶፑ ቀዳዳው ከሌለው ከዩኤስቢ ወደ ላን የሚቀይረውን ግዙ፤ አርቲኤል8153 ወይም ኤኤክስ88179 ያለበት ከሆነ ስትሰኩት ይነሳል።