ኪቦርድና የሙዚቃ ሶፍትዌር በኦንላይን ዲሞ ሰምቶ እንዴት ይመረጣል?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላይ ሱቅ ገብቶ አስር ኪቦርድ አስደርድሮ እየነካኩ መምረጥ የለም። ወይ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ወይ ውጭ ያለ ዘመድ ይዞ ይመጣል፣ ወይ ባንድ ውስጥ የነበረ ልጅ ያገለገለውን ይሸጥላችኋል። ስለዚህ ነገሩ የሚያልቀው ስልክ ላይ ነው፣ ዲሞ (መሳሪያው ሲጫወት የሚያሳይ ቪዲዮ ወይም ቅጂ) ተሰምቶ። ችግሩ ዲሞ ለመሸጥ የተሰራ ነገር መሆኑ ነው። የሚጫወተው ሰው ባዶ ጣውላ ቢሰጡት እንኳን ቤቱን የሚያስጨፍር ባለሙያ ነው። ጣቱ ደግሞ ከካርቶኑ ጋር አይመጣም።

መጀመሪያ ስልኩን አስቀምጡና ምን እንደምትጫወቱ ወስኑ። ሰርግ ላይ ለመስራት ነው? ቤት ውስጥ ዘፈን ለመቅዳት ነው? ልጅ ለማስተማር ነው? ለሰርግ ከሆነ ስታይል (ከበሮና ባሱን ራሱ የሚያጅብ) ያለው፣ አንድ ሰው ብቻውን ባንድ የሚሆንበት አሬንጀር የሚባለው ዓይነት ያስፈልጋችኋል። ለቤት ቀረጻ ከሆነና ላፕቶፕ ካላችሁ ርካሽ ሚዲ ኪቦርድና ሶፍትዌር ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፤ ሚዲ ኪቦርድ የራሱ ድምፅ የለውም። ቪዲዮው ላይ የምትሰሙት ያማረ ፒያኖ የኮምፒውተሩ ሶፍትዌር ነው። የሚዲ ኪቦርድ ዲሞ ስታዩ ጆሯችሁን ተዉትና ቁልፉን እዩ፤ ስንት ነው፣ ሲጫን ይንገዳገዳል ወይ፣ የፔዳል መሰኪያ አለው ወይ።

ከዚያ በደንብ የምታውቋቸውን ሶስት ዜማዎች ምረጡ። አንድ በትዝታ፣ አንድ በአምባሰል፣ አንድ ደግሞ ፈጠን ያለ የእስክስታ። የምትሰሙትን ዲሞ ሁሉ በነዚህ ዓይን ነው የምትመዝኑት። ጃዝ ፒያኖው ቢያምር ለእናንተ ምን ይሰራል?

የማዳመጫው ነገር አጭር ነው። በስልክ ስፒከር አትፍረዱ፤ ባሱ ጭራሽ አይወጣም። አንድ ኢርፎን ያዙ፣ ውድ ባይሆንም ችግር የለውም፣ ግን ሁሉንም በዚያው ስሙ። ዳታ ለመቆጠብ የቪዲዮውን ጥራት ዝቅ ስታደርጉ ድምፁም አብሮ ሊበላሽ ስለሚችል የመጨረሻዎቹን ሁለት ሶስት ዕጩዎች ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ በደንብ ስሟቸው። የድምፅ ፋይል ብቻ የሚያወርድ ገጽ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል፦ 320 ኪሎቢት ኤምፒ3 በደቂቃ ወደ 2.4 ሜጋባይት ነው የሚበላው፣ ያልታመቀው ዋቭ ግን ወደ 10 ይጠጋል።

አሁን ዋናው ስራ፣ መስማቱ።

ወሬ የበዛበትን ቪዲዮ ዝለሉት። «ያለ ንግግር፣ ድምፅ ብቻ» ተብሎ የተለቀቀ ለአብዛኛው ሞዴል ይገኛል። እሱንም ቢሆን ከበሮና ባስ ተጨምሮበት ሙሉ ዘፈን ሆኖ ከቀረበ ለእናንተ ብዙ አይጠቅምም፤ አጃቢው ድምፁን ይሸፍነዋል። ከአጃቢው የባሰ ሸፋኝ ሪቨርብ ነው፣ ድምፅን የሚያስተጋባው ኢፌክት። ደካማ ድምፅ ላይ ብዙ ሪቨርብ ሲደፋበት ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ያለ ይመስልና ልብ ይሰርቃል፣ ቤት ወስዳችሁ ሪቨርቡን ስታጠፉት ግን ቆርቆሮ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ኢፌክት ጠፍቶ የተጫወተበትን ቦታ ፈልጉ።

ካገኛችሁ በኋላ እነዚህን ተከታተሉ። አንድ ኖታ ረዘም ተደርጎ ሲያዝ ድምፁ እየተንቀሳቀሰ ነው ወይስ ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ቁራጭ እየዞረ ይደጋግማል? ቀስ ተብሎ ሲነካና ጠንከር ተብሎ ሲመታ የሚቀየረው ከፍታው ብቻ ነው ወይስ ጠባዩም? ጥሩ ፒያኖ ሲመታ ድምፁ የሰላ ይሆናል፤ መጥፎው ዝም ብሎ ይጮሃል። ፔዳል ተይዞ ብዙ ኮርድ ሲደራረብ የመጀመሪያዎቹ ኖታዎች በመሃል ድንገት ከጠፉ ፖሊፎኒው አንሷል ማለት ነው። ፖሊፎኒ በአንድ ጊዜ መሰማት የሚችለው የኖታ ብዛት ነው። 32 ሲባል ብዙ ይመስላል፣ ግን አሬንጀር ላይ ከበሮውም ባሱም ስትሪንግሱም ከዚያው ቁጥር ነው የሚበሉት።

የማሲንቆ ነገር ለብቻው ይታይ፣ ምክንያቱም ሰዉ ሁሉ «ማሲንቆ አለው?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። አለው መባሉ ምንም አይነግራችሁም። ማሲንቆ አንድ ጭራ ነው ያለው፤ ጣት ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ ይንሸራተታል፣ ደጋኑ ሲመለስ ድምፁ ትንሽ ይቧጭራል። ዲሞው ላይ ተጫዋቹ ኖታ በቀየረ ቁጥር ድምፁ ከመጀመሪያው፣ ከዚያው ቡጭርታ የሚነሳ ከሆነ የተቀዳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ሲጫወቱት ያስቃል። ግራ እጁን እዩት። ፒች ቤንዱን (ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን መዘውር) እየገፋ ከኖታ ወደ ኖታ የሚያንሸራትት ከሆነ መሳሪያውን የሚያውቅ ሰው ነው፣ የሱን ዲሞ እመኑ። ክራር ቀላል ነው፣ ተነክቶ የሚጠፋ ድምፅ ስለሆነ ርካሹም ኪቦርድ ይወጣዋል። ዋሽንት ላይ ትንፋሹን ስሙ፤ ትንፋሽ ከሌለው ፉጨት ነው።

ሁለት ኪቦርድ ስታወዳድሩ ደግሞ አንድ የጆሮ ተንኮል አለ። ጆሮ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚሰማውን ይወዳል፣ የተሻለ ነው ብሎ ይፈርዳል። የሁለቱን ከፍታ እኩል አድርጉ። ከቻላችሁ ጓደኛችሁ እያቀያየረ ያጫውትላችሁ፣ እናንተ ስክሪኑን አትዩ። የስም ፍቅር ያኔ ይለያል፤ ብዙ ጊዜ ዋጋው እጥፍ የሆነው ከእጅ አይሻል ዶማ ሆኖ ይገኛል።

ስለ ቅኝት። አምባሰልና ባቲ አገራቸው ወሎ ሆኖ ሳለ ለቅኝቱ የማይመች ኪቦርድ መግዛት ያሳዝናል። ኖታዎቹን መንካትማ ማንኛውም ኪቦርድ ይችላል፤ አምባሰል ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ነገር ግን ድምፃዊውም ማሲንቆ መቺውም ሬ ፍላቷን ልክ ፒያኖው ያስቀመጣት ቦታ ላይ አይረግጣትም። ስለዚህ ኪቦርዱ እያንዳንዱን ኖታ ለብቻ ዝቅ ከፍ ማድረግ ይፈቅድ እንደሆነ እዩ። ያማሃ ላይ «ስኬል ቱን» በሚል ስም ታገኙታላችሁ፤ ለአረብ ገበያ የሚሰሩት አሬንጀሮችም አላቸው። ይህን ዲሞ አይነግራችሁም፤ ማኑዋሉ ነው የሚነግራችሁ። ያማሃ፣ ኮርግና ሮላንድ ማኑዋላቸውን ድረ ገጻቸው ላይ በነፃ ያስቀምጣሉ። ከመግዛት በፊት ማኑዋል ማንበብ የሚሰለች ነገር ነው፣ ቢሆንም የድምፆቹ ዝርዝር በሙሉ እዚያ ስላለ አንድ ማታ ስጡት።

ሶፍትዌር ላይ ግን በቪዲዮ ዲሞ መወሰን አያስፈልግም፤ እራሱን አውርዶ መሞከር እያለ የሰው ጨዋታ ማየት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ድምፅ ከሚፈጥሩት ፕሮግራሞች ሰርጅ ኤክስቲ ነፃ ነው፣ ቅኝት መቀየሪያም አለው። ቫይታል ነፃ ስሪት አለው። ዴክስድ ደግሞ በ1983 የወጣውን ያማሃ ዲኤክስ7 ኪቦርድ አስመስሎ የሚሰራ ነፃ ፕሮግራም ነው። መቅጃውን በተመለከተ ሪፐር ለ60 ቀን ያለ ገደብ ያስሞክራል፣ ለግለሰብ የሚሆነው ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ኤፍኤል ስቱዲዮ መሞከሪያው ጊዜ አይገድብም፣ ግን ያስቀመጣችሁትን ስራ መልሶ አይከፍትላችሁም፤ ስለዚህ ድምፁን ወደ ዋቭ አውጥታችሁ ነው መዝጋት ያለባችሁ። አንዳንዱ የሙከራ ፕለጊን (መቅጃው ውስጥ የሚገባ ተጨማሪ ፕሮግራም) ደግሞ በየመሃሉ ጫጫታ ይለቃል ወይም ድምፁን ያጠፋል፤ ላፕቶፓችሁ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ።

ስትሞክሩ ድምፁን ብቻ አትስሙ። ቁልፉን ስትነኩ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል ወይ? ይህ ላተንሲ የሚባለው ነው፣ በየትኛውም ዲሞ ላይ አይታይም። በሴቲንጉ ባፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን) 256 ስታደርጉት በ44.1 ኪሎኸርዝ ወደ 6 ሚሊሰከንድ ነው፣ 1024 ላይ ወደ 23 ይደርሳል፤ እስክስታ በዚህኛው መጫወት ጣትን ያስራል። ላፕቶፑ 256 ላይ የሚንጣጣ ከሆነ ከባዱን ሶፍትዌር አትግዙ። ብዙ ጊጋባይት የሚይዙ የተቀዱ ድምፆችንም ከመክፈላችሁ በፊት የሚጠይቁትን ራምና የዲስክ ቦታ እዩ።

ያገለገለ ስትገዙ ዲሞውን ራሱ ሻጩ ይስራላችሁ። እያንዳንዱን ቁልፍ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ ቀስ፣ ቀጥሎ ጠንከር አድርጎ ይንካ። የድምፅ ማዞሪያውን ሲያዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ይሰማ። የጆሮ ማዳመጫውንና የፔዳሉን መሰኪያ ሰክቶ ያነቃንቅ። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ሳይሆን በፋይል ይላክ፣ የድምፅ መልእክት ስለሚታመቅ ሁሉንም አንድ ዓይነት ያደርገዋል። «ጊዜ የለኝም» ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ብር ከመላካችሁ በፊት አንድ ፎቶ ደግሞ ጠይቁ፤ የአዳፕተሩን ጀርባ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 120 ቮልት ብቻ የሚል ሊሆን ይችላል፣ የኛ መብራት 220 ነው። «100-240» የሚል ከተጻፈበት መሰኪያውን ማስማማት ብቻ ነው የሚቀራችሁ። 120 ብቻ ካለ የአዲስ አዳፕተር ወይም የትራንስፎርመር ዋጋ ከሂሳቡ ላይ ይቀነስ።