ፊደሉን በቃል እንጂ በዓይን አያውቁትም ነበር

ደሴ ውስጥ በሰበካችን አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆችን ንባብ የምናስተምር የሰንበት ተማሪዎች ነን። ልጆቹ «ሀ ሁ ሂ»ን እንደ ውኃ ያንበለብሉታል። ጣቴን «ቲ» ላይ ሳሳርፍ ግን አንዷ ከ«ተ» ጀምራ በሹክሹክታ እያዜመች ነበር የምትደርስበት። ለካ ዜማውን እንጂ ፊደሉን አልያዙም!

መላውን የነገሩን የኔታ ናቸው፤ «አቡጊዳ አስቆጥሯቸው» አሉን። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ በየፊደሉ ቤቱ ስለሚቀያየር የለመዱት ዜማ አይረዳቸውም። ከዚያም 33ቱን ፊደል በ7ቱ ቤት፣ 231ዱንም በካርቶን ቆርጠን፣ ቀላቅለን፣ አንድ በአንድ አስነበብናቸው። ለአንድ ልጅ አንድ አስተማሪ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ፤ ልጅ ሲሰለች ይጠፋበታል። ወዲያው ወደ ቃል፦ «ቤት»፣ «ዳቦ»።

ያቺ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ካርቶን አጋጥማ፣ ሳታዜም «ጦሳ» አለችና በመስኮቱ ወደ ተራራው አመለከተችኝ።